ጀርባ አሸዋ ሲነካ

ከጎሬ ወደ ቆላው ስወርድ ሹራቤን ያወለቅሁት ቡሬ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ጭጋግ የጫካውን ቡና ሸፍኖት ነበር። ከቡሬ በኋላ መንገዱ ይጠመዘዛል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይጠመዘዛል፤ ጆሮ ይደፈናል፣ ይከፈታል። ሁለት ሺህ ሜትር ከፍታ ላይ ቁርሱን የበላ ሰው ምሳውን አምስት መቶ ሜትር ገደማ ላይ ሲበላ ሰውነቱ ይገረማል። ቦንጋን፣ የካፋዋን ሳይሆን የጋምቤላዋን፣ አልፈን ሜዳው ሲዘረጋ የተቃጠለ ሣር ሽታ በመስኮት ገባ። ወሩ መጋቢት ነው። ሾፌሩ አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ፊት እያመለከተ፣ ‹‹ከዚህ ወዲያ ዳገት የሚባል የለም፤ እስከ ናይል ሜዳ ነው›› አለኝ።

የሄድኩት ለአሥር ቀን ሥራ ነው። ሻንጣዬ ውስጥ ግን ከሥራው ጋር የማይገናኝ አንድ ነገር ነበር፤ ወፍራም ነጭ ልብስና ነጭ ቀበቶ። ሁለት ዓመት ሆነኝ አዲስ አበባ ውስጥ በኪራይ አዳራሽ ከጥቂት ሰዎች ጋር የብራዚል ጁጂትሱ መማር ከጀመርኩ። አዳራሹ የስፖንጅ ምንጣፍ አለው፤ ከልምምድ በፊት ሁላችንም ተራ በተራ እንጠርገዋለን። ከዚያ ጥንድ ጥንድ ሆነን ቁጭ እንልና ያለ ቡጢ፣ ያለ እርግጫ፣ በመያዝ ብቻ አንዱ ሌላውን ለማሸነፍ ይታገላል። በአርባ ዓመቴ የጀመርኩት ነገር ነው፤ እንደዚህ የወደድኩት ትምህርት ግን የለም። ስለዚህ በሄድኩበት ከተማ ሁሉ ‹‹ስፖርት የሚሠራበት የት ነው?›› ብዬ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል።

የምትጠይቁት ሰው ሁሌም መልስ አለው። አገራችን ውስጥ የቀበሌ አዳራሽ ባለበት ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ቴኳንዶ ወይም ውሹ ወይም ካራቴ አለ። ሰሎሞን ቱፋ ቶኪዮ ኦሎምፒክ ላይ በቴኳንዶ አገሩን ወክሎ የተሰለፈው ከዚህ ሁሉ ጩኸትና ላብ መካከል ወጥቶ ነው። ጁጂትሱ ገና እንግዳ ነው። የጋምቤላው ባጃጅ ነጂም አልተቸገረም፤ ‹‹ማስተር ጋ ላድርስህ›› ብሎ ከአንድ ቆርቆሮ ጣሪያ አዳራሽ ፊት አወረደኝ። ሃያ የሚሆኑ ልጆች በባዶ እግራቸው ሲሚንቶው ላይ ተሰልፈው አየር ይረግጣሉ። ማስተር ረጅምና ቀጭን፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ሰው ነው። የምሠራውን ነገርኩት። ወለሉን በእግሩ ጣት ነካ ነካ አደረገውና፣ ‹‹ወንድሜ፣ እዚህ ማንም አይወድቅም። ወድቆ አይነሳማ። ትግል ከሆነ የፈለግኸው፣ ነገ አሥራ አንድ ሰዓት ባሮ አሸዋው ላይ ና›› አለኝ።

ባሮን በበጋ ያላየ ሰው ጋምቤላን አላየም ብል አላጋነንኩም። አኙዋኮች ኦፔኖ ይሉታል። ክረምት ላይ መርከብ የተሸከመ ወንዝ ነው፤ በመጋቢት ግን ወደ መሃሉ ሰብሰብ ይልና ግራና ቀኙን ለአሸዋ ይለቃል። ማምሻውን ከተማው በሙሉ ወደዚያ ይወርዳል። ልብስ የምታጥብ አለች፣ ሞተር ብስክሌቱን የሚያጥብ አለ፣ መረቡን የሚጠግን ዓሣ አጥማጅ አለ፣ አንገቱ ድረስ ገብቶ ዝም ብሎ የቆመ አለ። ከበላያቸው ትልቁ ድልድይ ተዘርግቷል፤ ሰዎች በእግር ይሻገሩበታል፣ ቆም ብለው ቁልቁል ያያሉ። በዳርቻው የማንጎ ዛፎች ጥላ እየረዘመ ይሄዳል። አዞ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። በ1958 ዓ.ም. አንድ አሜሪካዊ የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኛ እዚሁ ባሮ ውስጥ ሲዋኝ በአዞ ተበልቷል። ማስተር ልጆቹን ከውሃው ሃያ እርምጃ ርቀው እንዲቆሙ በእንጨት መስመር ያሰምርላቸዋል፤ መስመሩን የሚያልፍ የለም።

መጀመሪያ የገጠመኝ ሰው የእኔ እኩያ ነው። ግንባሩ ላይ ከጆሮ እስከ ጆሮ የተዘረጉ ስድስት መስመሮች አሉ። ኑዌሮች ጋአር ይሉታል፤ ልጅ ወደ ጎልማሳነት ሲሻገር የሚቆረጥ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ ወንዱ ላም አያልብም። ‹‹ማሌ›› አልኩት፣ ባጃጅ ነጂው ያስተማረኝን ብቸኛ የኑዌርኛ ሰላምታ። ‹‹ማሌ›› አለኝና ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ወደ ፊት ዘረጋ።

አቋቋሙን ልብ ብዬ አየሁት። ደረቱ ወደ ጉልበቱ የቀረበ ነው፤ መዳፎቹ ክፍት ሆነው ይንቀሳቀሳሉ። መዳፌን ጠፍ ያደርገዋል፣ ይተዋል፣ ደግሞ ጠፍ ያደርገዋል። ደቡብ ሱዳን ውስጥ ዲንካዎችና ሙንዳሪዎች በሺህ በሚቆጠር ሕዝብ ፊት የሚታገሉት በዚህ አቋም እንደሆነ በፊልም አይቻለሁ። እሱ የተማረው ልጅ ሳለ ከብት ሰፈር ውስጥ ነው፤ ማንም ‹‹ተማር›› ብሎት ሳይሆን ከብት ሲጠበቅ ቀኑ ስለሚረዝም። አንዴ ማጅራቴን ነካ፤ ገፋሁት። እጁን ሲያነሳ ቀኝ እግሬን ወደ ፊት አሳለፍኩ። እሱ የጠበቀው ያችን እርምጃ ነበር። ቋንጃዬን ከኋላ ሳብ፣ በትከሻው ደረቴን ገፋ። ሰማዩን፣ ድልድዩን፣ ከዚያም ስድስቱን መስመሮች አየሁ።

ልጆቹ አጨበጨቡ። እሱ ደግሞ ጨዋ ሰው ነውና ሊያነሳኝ እጁን ዘረጋ።

ለእሱ ትግሉ አልቋል። ለማናችንም ቢሆን አልቋል፤ ከብት ስንጠብቅም፣ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥም፣ በየዓመቱ ክልሎች በሚገናኙበት የባህል ስፖርቶች ውድድር ላይም ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። እኔ ግን የሰጠኝን እጅ ያዝኩና ሁለት እግሬን ወገቡ ላይ አቆላለፍኩ። ግራ ገብቶት ቁልቁል አየኝ።

‹‹ጀርባህ ነክቷል›› አለኝ።

‹‹አዎ፣ ነክቷል። የእኔ ትግል የሚጀምረው ከዚህ ነው።››

ጁጂትሱን የወደድኩት ለዚህ ነው። በጀርባ መተኛት መጨረሻ አይደለም፤ ራሱን የቻለ ቤት ነው። ስሙ ጋርድ ይባላል። ከታች ያለው ሰው በእግሮቹ የላይኛውን ወገብ ይይዛል፣ በእጆቹ እጅጌውንና አንገትጌውን ይይዛል፣ በዳሌው ይሸሻል፣ ይጠጋል። ክብደት የላይኛው ነው፤ ርቀቱን የሚወስነው ግን የታችኛው ነው። የላይኛው አንድ እጁን መሬት ላይ ካሳረፈ ክንዱ ለብቻው ቀረ ማለት ነው፤ ያን ጊዜ አንድ እግር በማጅራቱ ላይ ይሻገራል፣ ሌላው እግር በቁርጭምጭሚት ላይ ይታጠፋል፤ አንገቱና አንድ ክንዱ በሁለት ጭን መካከል ይቀራሉ። ሦስት ማዕዘን እንለዋለን። የሚዘጋው የጉሮሮ አየር አይደለም፤ በአንድ በኩል የእኔ ጭን፣ በሌላው በኩል የራሱ ትከሻ ወደ ጭንቅላት የሚወጣውን ደም ይጫነዋል። ጉልበት ብዙ አይጠይቅም። ጊዜና ማዕዘን ይጠይቃል።

ቀስ ብዬ አሳየሁት። ሲጠብቅበት ግን ማድረግ ያለበትን አላወቀም፤ ፊቱ ሲለወጥ አይቼ ፈታሁት። ያኔ ነው ሌላ ነገር ከማስተማሬ በፊት አንዱን ማስተማር እንዳለብኝ የገባኝ። እጁን ይዤ ትከሻዬ ላይ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረግሁ። ‹‹ይኼን ስታደርግ እለቃለሁ። ወዲያው። እኔም ሳደርግ ትለቃለህ።›› ማስተር በኑዌርኛ ደገመው፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ዞሮ በአኙዋክኛ ተናገረ፣ በመጨረሻም በአማርኛ።

ይህቺ መታ መታ በዚያ አሸዋ ላይ የተገናኘንበት የመጀመሪያ የጋራ ቃል ሆነች። ጋምቤላ አኙዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ ማጃንግኛ፣ ኦፖኛ፣ ኮሞኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ እንግሊዝኛና አረብኛ በአንድ ሻይ ቤት የሚሰሙባት ከተማ ናት። ከድንበሩ ማዶ ጦርነት ሸሽተው የመጡ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደቡብ ሱዳናውያን በክልሉ ካምፖች ይኖራሉ። ክልሉ ደም የፈሰሰባቸው ዓመታት አሉት፤ ማታ ማታ ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ የሚገባባቸው ወራትም አሉት። ማስተር ስለዚህ ብዙ አላወራኝም። አንድ ሥርዓቱን ግን አየሁ። ጥንድ ሲያደርጋቸው ልጆቹ ወንድምና ጓደኛቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ እሱ ያላቅቃቸዋል። ‹‹ከማታውቀው ጋር›› ይላል፣ ሌላ አይጨምርም። የኒውላንድ ሰፈር ልጅ ከባሮ ማዶ ልጅ ጋር ይቆማል፤ ከካምፕ የመጣው ከደገኛ ነጋዴ ልጅ ጋር። አንዱ የሌላውን ስም ሳያውቅ ትንፋሹን ያውቃል። ስፖርት ጠብን ያስቀራል ብዬ አልጽፍም፤ ያየሁትን ብቻ ነው የምጽፈው። ያየሁት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የማያውቀውን ልጅ አንገት በክንዱ ይዞ ሁለቴ መታ ሲደረግለት፣ እሳት እንደነካው ሰው ፈጥኖ ሲለቅ ነው። አሥር ቀን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ያልለቀቀ ልጅ አላየሁም።

በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ትግሉ ከየት እንደመጣ ጠየቁኝ። ‹‹ከብራዚል›› ስላቸው አላመኑም፤ ብራዚልን የሚያውቋት በኳስ ነው። በጣቴ አሸዋው ላይ ወንዝ ሣልኩ።

ነገሩ ከጃፓን ይጀምራል። ጂጎሮ ካኖ የተባለ መምህር በ1874 ዓ.ም. ቶኪዮ ውስጥ ኮዶካን የተባለውን ትምህርት ቤት ከፍቶ የድሮውን የጃፓን ትግል ጁዶ አደረገው። ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ ሚትሱዮ ማኤዳ ነው። ቁመቱ አጭር ነው፤ አገር ለአገር እየዞረ ከማንም ጋር ይገጥም ነበር። በ1907 ዓ.ም. ብራዚል ገባ፤ መኖሪያውንም አማዞን ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት አካባቢ ባለችው በቤሌም አደረገ። ቤሌም የወንዝ ወደብ ናት፤ የጫካ ጎማ በጀልባ ወርዶ በመርከብ የሚጫንባት ከተማ። እዚያ ካርሎስ ግሬሲ የተባለ ወጣት ከማኤዳ ተማረ። ካርሎስ ወንድሞቹን አስተማረ፤ ታናሹ ሄሊዮ ደግሞ መሬት ላይ የሚሠራውን ክፍል ለቀጭን ሰው እንዲሆን አድርጎ አጠበቀው። በኅዳር 1986 ዓ.ም. የሄሊዮ ልጅ ሮይስ፣ ሰማንያ ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሰው፣ ዴንቨር ከተማ ውስጥ በአንድ ሌሊት ሦስት ተጋጣሚዎችን አሸነፈ፤ ዓለምም ያን ጊዜ ጁጂትሱን አወቀው።

ከልጆቹ ኋላ ዱላቸውን ተደግፈው የሚሰሙ አንድ አባት ነበሩ። እኔ የሣልኩትን ወንዝ በዱላቸው ጫፍ ነኩና፣ ‹‹ይኼ እኮ የእኛው ነው›› አሉ። ከዚያ የጋምቤላን ወደብ ነገሩኝ። አባታቸው የቡና ጆንያ ይሸከሙ ነበር። አጤ ምኒልክ ከእንግሊዞች ጋር በ1894 ዓ.ም. በተዋዋሉት ውል ለሱዳን መንግሥት በባሮ ዳርቻ የንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት ተከራየ፤ ውሉ የወንዙን ፊት ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱን ከ400 ሔክታር እንዳያልፍ ይወስናል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ መርከቦቹ ከካርቱም እያፏጩ ይመጣሉ፤ ጨውና አቡጀዲ ያራግፋሉ፣ ቡና፣ ቆዳና ሰም ይጭናሉ። ውሃው ሳይጎድል መመለስ አለባቸው፤ የዘገየ መርከብ አሸዋ ላይ ይቀራል። ሱዳን ነፃ ከወጣች በኋላ፣ በ1949 ዓ.ም.፣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ዘመኑን በልቤ አሰላሁት። ማኤዳ ብራዚል በገባበት ዓመት የእኚህ ሰው አገር መርከብ ያራግፍ ነበር። አንዱ ወንዝ ዳር ጃፓናዊ ጎማ ነጋዴዎች መካከል ትግል ሲያስተምር፣ በሌላው ወንዝ ዳር ግሪኩ፣ ሱዳኑ፣ ደገኛውና አኙዋኩ በቡና ሚዛን ዙሪያ ይገናኛል። እንዲህ ያለ ነገር የሚወለደው የማይተዋወቁ ሰዎች ተጠጋግተው በሚያድሩበት ቦታ ይመስለኛል፤ ወደብ ደግሞ ለዚህ የተሠራ ነው። ጁጂትሱ ጋምቤላ አሸዋ ላይ እንግዳ ሆኖ ያልታየኝ ለዚህ ይሆናል።

የግሬሲዎቹን ታሪክ ብቻ ነግሬያቸው አልተውኩም። እኔ ይበልጥ የምወደው ኦዝዋልዶ ፋዳን ነው። የእሱ ትምህርት ከማኤዳ በሌላ ደቀ መዝሙር በኩል የመጣ ነው፤ በሪዮ ዴ ጃኔሮ ዳርቻ ሰፈሮች ለድሆች ልጆች ያስተምር ነበር፣ አዳራሽ ሲያጣም በባሕር ዳር አሸዋ ላይ። ማስተር ይህን ሲሰማ ምንም አላለም፤ ግን በማግስቱ ‹‹ያ የአሸዋው ሰውዬ ስሙ ማን ነበር?›› ብሎ ጠየቀኝና ደብተሩ ላይ በአማርኛ ጻፈው።

ልጆቹ ከሁሉ ይበልጥ የወደዱት ድልድይን ነው። ተጋጣሚህ ሆድህ ላይ ሲቀመጥ ሁለት ተረከዝህን ወደ ቂጥህ ታስጠጋለህ፤ አንድ ክንዱንና በዚያው በኩል ያለውን እግሩን ታጠምዳለህ፤ ከዚያ ዳሌህን ወደ ሰማይ ታነሳና በትከሻህ ላይ ትገለበጣለህ። ብራዚሎች ኡፓ ይሉታል። እኔ ‹‹ድልድይ!›› ብዬ ስጮህ ሃያው ልጅ እኩል ቀና ብሎ የባሮን ድልድይ አየና ሳቀ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ስም አላስፈለገውም። የአሥር ዓመት ገደማ የሆነች፣ ፀጉሯ እስከ ሥሩ የተላጨ ልጅ፣ ከእሷ በአንድ ራስ የሚበልጥ ወንድ ልጅ ተቀምጦባት አየሁ። መጀመሪያ በእጇ ገፋችው፤ አልተንቀሳቀሰም። ቆም አለች። ተረከዟን ሳበች፣ ክንዱን ደረቷ ላይ አጣበቀች፣ አንድ ትንፋሽ ወሰደችና ተነሳች። ልጁ በጎኑ ተገለበጠ፤ እሷ ላዩ ላይ ሆና አሸዋውን ከዓይኗ እየጠረገች ወደ እኔ ዞረች። ‹‹ጋሼ፣ እንደገና?›› አለችኝ። እንደገና አልኳት። ስምንት ጊዜ ደገመችው፤ ጨለማ ሲመጣ ማስተር ነው ያስቆማት።

ባለ ስድስት መስመሩ ወዳጄ በበኩሉ መቆም አስተማረኝ። በአዲስ አበባው ምንጣፍ ላይ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው ቁጭ ብለን ነው፤ ቦታው ጠባብ ነውና። ቆሜ ስታገል እንደምቸኩል ያወቅሁት ከእሱ ነው። ክንዴን ይዞ ያቆመኛል። እጁን ማጅራቴ ላይ ያሳርፋል፤ አይስብም፣ አይገፋም፤ ክብደቱን ብቻ ያስቀምጣል። እኔ ለመሸሽ ስዘጋጅ የትኛው እግሬ እንደሚነሳ ከእኔ በፊት ያውቃል። ‹‹እግርን በዓይን አታይም›› አለኝ ባለችው ጥቂት አማርኛ፤ መዳፉን አንገቴ ላይ ጫን አድርጎ፣ ‹‹በዚህ ታያለህ።›› በሰባተኛው ቀን የእሱ ግራ እግር ሲቀል መዳፌ ላይ ተሰማኝ። ጠለፍኩት። አልወደቀም፤ በአንድ እግሩ ሁለት ጊዜ ዘለለና ቆመ፤ ግን ጮክ ብሎ ስቆ ሁለቱንም ትከሻዬን ያዘኝ። ያን ማታ ዓሣ ጉላሽ አብረን በላን፤ ልጆቹን፣ ላሞቹን፣ ወንዝ ተሻግሮ የቀረውን ወንድሙን ነገረኝ።

በዘጠነኛው ቀን ከልምምድ በኋላ ወዳጄ እጄን ይዞ ወደ ድልድዩ እግር ወሰደኝ። ኮንክሪቱ ላይ ጭቃ የተወው ቡናማ መስመር አለ፤ እጄን ዘርግቼ አልደረስኩበትም። ‹‹ሐምሌ›› አለ ወደ መስመሩ እያመለከተ። ከዚያ እግራችን ሥር ያለውን አሸዋ አሳየኝ። የምንታገልበት ቦታ ሁሉ በክረምት ከውሃ በታች ነው፤ የሚቀረው የቆርቆሮው አዳራሽና ሲሚንቶው ብቻ ነው።

አሥረኛውን ቀን ስለዚህ ገበያ ዋልን። ባዶ ማዳበሪያ ጆንያ ገዛን፣ ከአንድ እንጨት ቤት ሰጋቱራ በነፃ አገኘን፣ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ አራት ሜትር በአራት ሜትር የሆነ የጭነት መኪና ሸራ ተከራክረን አወረድን። ልጆቹ ጆንያውን ግማሽ ድረስ እየሞሉ ይረግጡታል፤ ከሞላ ይደድራል፣ ካነሰ ወለሉ ይሰማል። ማስተር ወስፌና ሲባጎ ይዞ ከአዳራሹ በር ላይ ተቀመጠ። እኔ በአንዱ ጠርዝ፣ ወዳጄ በሌላው ጠርዝ ሸራውን ወጥረን ያዝንለት። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሳይደርስ አልቀረም፤ ላባችን ሸራው ላይ ይንጠባጠባል። ያቺ ፀጉሯ የተላጨ ልጅ ስፌቱ እስኪያልቅ አልጠበቀችም። ያለቀው ጥግ ላይ በጀርባዋ ተኛች፣ ተረከዟን ሳበች፣ ዳሌዋን ወደ ጣሪያው አነሳችና ወረደች። ሰጋቱራው ተንሻተተ።

‹‹እዚህ ጋ ትንሽ ይጨመር›› አለች።